ጥናትሽን በሦስት ሳምንት መጽሐፍ እናደርገዋለን ላሉሽ ሰዎች

የዛሬዋ ጠያቂያችን ደብዳቤ ረዘም ያለ ነበር። ፍሬ ነገሩን እነሆ።

«ሰላም ለእርስዎ። የፒኤችዲ ጥናቴን ተከላክዬ ከጨረስኩ አምስት ወር ሆነኝ። ዘርፌ ማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ ነው። የጎዳና ላይ ነጋዴዎች ያለ ወረቀትና ያለ ዋስ እንዴት እንደሚበዳደሩ ነው ያጠናሁት። ባለፈው ሳምንት ከአንድ አሳታሚ ኢሜይል ደረሰኝ። ድንቅ ጥናትዎን ተመልክተነዋል፣ ፋይሉን ይላኩልን፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ ያለ ምንም ክፍያ መጽሐፍ አድርገን በመላው ዓለም እንሸጥልዎታለን ይላል። ጓደኛዬ ‹ምን ትጠብቂያለሽ? መጽሐፍ መጽሐፍ ነው› ትለኛለች። አማካሪዬ ደግሞ ‹ቆይ› ከማለት ውጪ ምክንያቱን አላስረዱኝም። በሁለት ወር ውስጥ የሥራ ማመልከቻ አስገባለሁ፤ ሲቪዬ ላይ አንድ መጽሐፍ ቢኖር ደስ ይለኛል። እውነቱን ለመናገር ጥናቱን መልሼ ገልጬ ማየት እንኳን አስጠልቶኛል። በዚያ ላይ ዩኒቨርሲቲው ኢንተርኔት ላይ ጭኖታል። ማንም በነፃ የሚያወርደውን ነገር ሌላ አሳታሚ ይቀበለኛል? ምን ላድርግ?

ቆይ የተባለችው»

ውድ እህቴ፣

አስቀድሜ እንኳን ደስ ያለሽ። ለዚህ ጥናት ዓመታትሽን ሰጥተሻል። ሰው ላሳትመው ሲልሽ ልብሽ ቢሞቅ አይፈረድብሽም።

መልሴን ግን ሳላድበሰብስ ልንገርሽ። ፋይሉን አትላኪ።

ምክንያቱን ያስረዳሽ ስለሌለ ከሥሩ ልጀምር። እንዲህ ያለ ኢሜይል የሚልኩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ጥናቱን አላነበቡትም። ዩኒቨርሲቲዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ኢንተርኔት ላይ ሲጭኑ ርዕሱና የጸሐፊው ስም አብሮ ይወጣል። እነሱ ያንን ይለቅሙና ለሁሉም አንድ ዓይነት ደብዳቤ ይልካሉ። የሚቀየረው ስምና ርዕስ ብቻ ነው። እስቲ ኢሜይሉን መልሰሽ አንብቢው። ከርዕሱ ውጪ ስለ ጥናትሽ አንድ ዓረፍተ ነገር አለበት? ስለ ነጋዴዎቹ፣ ስለ ብድሩ፣ ስለ ደረስሽበት ድምዳሜ የሚናገር ነገር አለ? ከሌለ ያነበበሽ ሰው የለም ማለት ነው።

ፋይሉን ከላክሽ በኋላ የሚሆነውን ልንገርሽ። ሽፋን ይሠሩለታል። አይኤስቢኤን የሚባለውን የመለያ ቁጥር ያወጡለታል። የኢንተርኔት መሸጫዎች ላይ ይለጥፉታል። አለቀ። አርታኢ አያየውም፣ የዘርፉ ሰው አይገመግመውም፣ ፈታኞችሽ አስተካክይ ያሉሽ ግድፈት ተርፎ ከሆነም እንደተረፈ ይቀራል። መጽሐፉ የሚታተመው ገዢ ሲመጣ ብቻ፣ አንድ በአንድ ነው። ስለዚህ ወጪያቸው ከምንም አይቆጠርም። በሺህ የሚቆጠር ሰው ጥናቱን ልኮላቸው እያንዳንዱ ጥቂት ቅጂ ቢሸጥ ያዋጣቸዋል። እነዚያን ጥቂት ቅጂዎች ብዙ ጊዜ የሚገዛው ራሱ ጸሐፊው ነው፤ አንዱን ለእናቱ፣ አንዱን ለአማካሪው፣ አንዱን ለራሱ መደርደሪያ። ዋጋውን የሚተምኑት እነሱ ናቸው፤ ተማሪ የሚደፍረው ዋጋም አይሆንም። ያለ ክፍያ ማለታቸው ውሸት ላይሆን ይችላል። የሚወስዱብሽ ሌላ ነገር ነው።

የሚወስዱት የመጀመሪያ ኅትመትሽን ነው። አንድ ጥናት በመጽሐፍነት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣው አንዴ ብቻ ነው። ጥሩ ማተሚያ ቤት ረቂቅ ሲቀርብለት ከሚጠይቃቸው የመጀመሪያ ጥያቄዎች አንዱ «ይህ ከዚህ በፊት ታትሟል ወይ?» የሚል ነው። አዎ ካልሽ፣ ያውም አይኤስቢኤን ያለው መጽሐፍ ሆኖ በሽያጭ ላይ ካለ፣ አብዛኞቹ እዚያው ላይ ያቆማሉ። መብቱን በውል ሰጥተሽ ከሆነ ደግሞ ምዕራፉን እንኳን ወደ ጽሑፍ ቀይረሽ ለጆርናል፣ ማለትም ለምሁራን መጽሔት፣ ለመላክ ፈቃድ መጠየቅ ሊኖርብሽ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። አንቺ ግን ካፈሰስሽው በኋላ የሚለቀም ላይኖርሽ ይችላል።

ጓደኛሽን አልቀየማትም፤ ለአንቺ ብላ ነው። ግን መጽሐፍ ሁሉ መጽሐፍ አይደለም። የቅጥር ኮሚቴ ላይ የሚቀመጡ ሰዎች ሲቪ ሲያዩ ዓይናቸው ከርዕሱ ቀጥሎ የሚሄደው አሳታሚው ላይ ነው። እነዚህን ጥናት ለቃሚ አሳታሚዎች በስም ያውቋቸዋል፤ ለእነሱም እንዲሁ ያለ ኢሜይል በየጊዜው ይደርሳቸዋል። ስለዚህ ያ መስመር ሲቪሽ ላይ ከባዶ ቦታ የባሰ ሊጎዳሽ ይችላል። አይኤስቢኤን አለው ብለሽም አትጽናኚ። ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 13 አሃዝ የሆነው ይህ ቁጥር የመጽሐፉ መታወቂያ እንጂ የጥራቱ ምስክር አይደለም። ማንኛውም አሳታሚ ያወጣዋል።

አሁን ኢሜይሉን እንተወውና ዋናው ነገር ላይ እንምጣ።

መጽሐፍ በርግጥ ያስፈልግሻል? ይህን የምጠይቀው ሁሉም ዘርፍ አንድ ስላልሆነ ነው። ኢኮኖሚክስ ወይም ሥነ ልቦና ብታጠኚ ኖሮ መጽሐፉን ተዪውና ጆርናል ላይ ጻፊ እልሽ ነበር። እዚያ ሰው የሚመዘነው በጽሑፎቹ ነው። ሶሲዮሎጂና ፖለቲካል ሳይንስ መሐል ላይ ናቸው፤ እንደ ንዑስ ዘርፉ ይለያያል። በታሪክ፣ በሥነ ጽሑፍ ጥናትና በአንቺው አንትሮፖሎጂ ግን መጽሐፍ አሁንም ትልቅ ቦታ አለው። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ቋሚነትና ዕድገት የሚታሰበው በእሱ ነው። ከዚያም በላይ፣ ሰዎች ውስጥ ገብተሽ ከርመሽ ያየሽው ነገር በሃያ ገጽ ጽሑፍ ውስጥ አይበቃውም። የብድር ሰንሰለት፣ ጠብ፣ እርቅ፣ አንዷ ስትከስር ሌላዋ ስትነሣ፣ ይህ ሁሉ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ ያስፈልግሻል ባይ ነኝ።

የሚያስፈልግሽ ግን ያ ዩኒቨርሲቲው የጫነው ፋይል አይደለም። አማካሪሽ ቆይ ሲሉ ለማለት የፈለጉት ይህንን ይመስለኛል። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጻፈው የማንበብ ግዴታ ላለባቸው ሰዎች ነው። ፈታኞችሽ ቢሰለቻቸውም ያነቡታል፤ ሥራቸው ነው። ስለዚህ ጽሑፉ ሁሉ መከላከያ ነው። ይህንን አንብቤአለሁ፣ ያንንም አውቃለሁ፣ ዘዴዬ ትክክል ነው፣ እከሌን አልዘለልኩም ትያለሽ። መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ግን ግዴታ የለበትም። አሥረኛው ገጽ ላይ ከሰለቸው ይዘጋዋል።

አንድ እውነተኛ ታሪክ ልንገርሽ። ኤሪክ ዊልያምስ የታሪክ ምሁር ነበር፤ ኋላ የትሪኒዳድና ቶቤጎ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኗል። በ1938 እ.ኤ.አ. ኦክስፎርድ ላይ ዶክትሬቱን ጨረሰ። ጥናቱ በካሪቢያን የባሪያ ንግድና ባርነት መቅረት ላይ ኢኮኖሚው ምን ድርሻ ነበረው የሚል ነበር። «ካፒታሊዝምና ባርነት» የተባለው መጽሐፉ በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የወጣው በ1944 ነው። በመካከል ስድስት ዓመት አለ። በነዚያ ዓመታት ጥያቄው ራሱ አድጓል። ባርነት ለምን ቀረ ከሚለው አልፎ፣ ከባሪያ ንግድና ከባሪያ ጉልበት የተገኘው ሀብት የብሪታንያን ኢንዱስትሪ እንዴት አሳደገው ወደሚለው ሄደ። የታሪክ ሰዎች እስከ ዛሬ የሚከራከሩት በዚህ በሰፋው ጥያቄ ላይ ነው። ጥናቱ ራሱ እንዳለ የታተመው ከብዙ ዘመን በኋላ በ2014 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያኔ ሰው የፈለገው መጽሐፉ ከየት እንደመጣ ለማየት ነው። አንቺም ስድስት ዓመት ትፈጂ እያልኩሽ አይደለም። ግን አምስት ወር ገና ምንም አይደለም፤ የዘገየሽ አይምሰልሽ።

ታዲያ ምኑ ነው የሚቀየረው? ጥናትሽን ስላላየሁት ምሳሌውን ራሴ ልፍጠር። የመመረቂያ ጽሑፍ ምዕራፍ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይጀምራል፦

«ይህ ምዕራፍ በኢ-መደበኛ ብድር ላይ የተደረጉ ቀዳሚ ጥናቶችን በመቃኘት የጥናቱን የንድፈ ሐሳብ ማዕቀፍ ያስቀምጣል። በመቀጠልም መተማመን የሚለው ጽንሰ ሐሳብ በልዩ ልዩ ምሁራን እንዴት እንደተበየነ ያብራራል።»

ስሕተት የለበትም። ፈታኝ ይህን ሲያነብ እፎይ ይላል። አሁን ያንኑ ነገር እንዲህ አስቢው፦

«ሲመሽ ሸራው ይጠቀለላል፣ ሒሳቡም ይጀመራል። ቲማቲም ሻጯ ጠዋት የተበደረችውን ትመልሳለች፤ ገበያው ከከዳት ደግሞ ግማሹን። የጎደለውን ማንም አይጽፈውም፤ ነገር ግን ሁሉም ያውቀዋል። ሳይጻፍ የሚታወቅ ዕዳ ማንን ያስራል? ማንንስ ነፃ ይለቃል?»

ልዩነቱ ሁለተኛው ስላማረ ብቻ እንዳይመስልሽ። ዋናው ልዩነት ጥያቄ መኖሩ ነው። አንባቢው መልሱን ስለሚፈልግ ገጹን ይገልጣል። ንድፈ ሐሳቡ አልጠፋም፤ ይመጣል፤ ግን ሲያስፈልግ ይመጣል። ዕዳው ለምን እንደማይጻፍ ስታስረጂ፣ ስለ መተማመን የጻፈው ምሁር እዚያው ቦታ ላይ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይገባና ሥራውን ሠርቶ ይወጣል። የተዛማጅ ጽሑፎች ክለሳ የሚባለው ሙሉ ምዕራፍ ይፈርሳል። ግማሹ ይጣላል፤ የቀረው በየቦታው ይበተናል፣ ወይም የግርጌ ማስታወሻ ውስጥ ይገባል። የምርምር ዘዴው ምዕራፍ በመግቢያው ላይ ጥቂት ገጽ ይሆናል። «ከላይ እንደተገለጸው»፣ «በቀጣዩ ምዕራፍ እንደሚብራራው» የሚሉትን ሁሉ አውጪያቸው። በየምዕራፉ መጨረሻ ላይ ያለውን ማጠቃለያም እንዲሁ። እነዚህ ፈታኙን ለመምራት የገቡ ናቸው። እውነት እልሻለሁ፣ ስታወጪያቸው ጽሑፉ ይተነፍሳል።

ከዚህ በፊት ግን አንድ ነገር ሞክሪ። ወረቀት ያዢና «መጽሐፌ የሚከራከረው...» ብለሽ ጀምረሽ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሺው። «ስለ ጎዳና ነጋዴዎች ብድር» የሚለው ርዕስ እንጂ ክርክር አይደለም። ክርክር ማለት አንድ ሌላ ምሁር ተነሥቶ «የለም፣ አልስማማም» ሊልሽ የሚችልበት ነገር ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ሳታገኚ ምዕራፍ ማስተካከል ብትጀምሪ ትደክሚያለሽ። ካገኘሽው ግን የትኛው ምዕራፍ እንደሚቀር፣ የትኛው እንደሚወጣ ራሱ ይነግርሻል። ሁለት ምዕራፍ ሙሉ ቢወጣ አትደንግጪ። ለጆርናል ይሆናሉ።

ሌላው ብዙ ሰው የማያነሣው፣ እኔ ግን ሳላነሣው የማላልፈው ጉዳይ የሰዎቹ ነገር ነው። ስለ ሕይወታቸው የነገሩሽ ነጋዴዎች ስምምነት የሰጡት ለጥናት ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ጥቂት ሰው ያነበዋል። መጽሐፍ ግን ወደዚያው ገበያ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ስማቸውን ቀይረሻል ብዬ አምናለሁ። ግን ስም መቀየር አይበቃም። «ጥግ ላይ በሰማያዊ ጃንጥላ ሥር የምትቀመጠው፣ ባሏ የሞተባት፣ ለሁሉም የምታበድረው ሴት» ብለሽ ከጻፍሽ ስሟን ብትቀይሪ ባትቀይሪ ሰፈሩ በሙሉ ማን እንደሆነች ያውቃል። ለማን እንዳበደረች፣ ማን እንደካዳት መጽሐፉ ላይ ካለ ነገ ጠብ ሊያስነሣባት ይችላል። ቀማኛም ዓይኑን ሊጥልባት ይችላል። ስለዚህ መጽሐፉን እንደ አዲስ ስትጽፊ እያንዳንዱን ሰው መልሰሽ እዪ። የምትቀመጥበትን ቦታ ለውጪ፣ የምትሸጠውን ለውጪ፣ ካስፈለገ የአንዷን ታሪክ ለሁለት ሰው ከፍለሽ አስቀምጪ። እንዲህ ማድረግሽን ደግሞ መግቢያው ላይ ለአንባቢ ንገሪ። የምትችዪ ከሆነ ሄደሽ ጠይቂያቸው። «መጽሐፍ ሊሆን ነው፤ ይህን ልጻፈው ወይ?» በዪ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ፋይልሽን የሚያትም ሰው ለዚህ ጊዜ አይሰጥሽም። ከምክንያቶቼ ሁሉ ለእኔ ትልቁ ይኼ ነው።

መልሼ ገልጬ ማየት አስጠልቶኛል ብለሻል። ልክ ነሽ፤ አትግለጪው። ጥቂት ወራት ይረፍ። እስከዚያው ከጥናቱ አንዱን ቁራጭ፣ በጣም የምትወጂውን፣ ወደ ጆርናል ጽሑፍ ቀይሪው። አንድ ጥሩ ጽሑፍ ሲቪሽ ላይ በሥርዓት ይቀመጣል፤ አርታኢዎችም ስምሽን ያዩበታል። መጽሐፉን ይጎዳብኛል ብለሽ አትፍሪ። አንድ ወይም ሁለት ምዕራፍ ቀደም ብሎ ጆርናል ላይ መውጣቱን አብዛኛው ማተሚያ ቤት ይቀበላል። ከዚያ ሲበዛ ግን «ታዲያ መጽሐፉን ማን ይገዛዋል?» ይላሉ።

ወደ ኢንተርኔቱ ጥያቄሽ ልምጣ። ጥናቱ በዩኒቨርሲቲው ማከማቻ ላይ መኖሩ በራሱ በር አይዘጋብሽም። ማተሚያ ቤቶች ጥናት ኢንተርኔት ላይ እንደሚጫን ያውቃሉ። የሚጠይቁሽ መጽሐፉ ከጥናቱ ምን ያህል እንደሚለይ ነው። እንዳልኩሽ አፍርሰሽ ከጻፍሽው መልሱ ቀላል ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ጥናቱን ለተወሰነ ጊዜ ከሕዝብ እይታ መዝጋት ይፈቅዳሉ። ቤተ መጻሕፍቱን ጠይቂ፤ ደንቡ ከፈቀደ አዘጊው።

ማተሚያ ቤት ፍለጋ ላይ ሰው ሁሉ ጉግል ይከፍታል። አንቺ የራስሽን ዋቢ መጻሕፍት ክፈቺ። ጥናትሽ ላይ ከጠቀስሻቸው መጻሕፍት ውስጥ በጣም የጠቀሙሽን ለይተሽ ማን እንዳሳተማቸው እዪ። ሦስት አራት ስሞች ይደጋገማሉ። የአንቺ መጽሐፍ ቤቱ እዚያ ነው። የምሥጋና ገጻቸውንም አንብቢ፤ ጸሐፊዎች አርታኢያቸውን በስም ያመሰግናሉ። የምትጽፊላቸው ለእነዚያ አርታኢዎች ነው። ማንም አያውቀኝም ብለሽ አትሸማቀቂ። የአርታኢው ሥራ የማያውቀውን ሰው ማግኘት ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤቶች የመጀመሪያ መጽሐፍ በየዓመቱ ያወጣሉ።

የምትልኪው ሙሉ ረቂቁን ሳይሆን ፕሮፖዛል ነው። እያንዳንዱ ማተሚያ ቤት ምን እንደሚፈልግ ድረ ገጹ ላይ ይጽፋል፤ ያንን ተከተዪ። ባብዛኛው ክርክርሽን፣ የምዕራፎቹን አጭር መግለጫ፣ የጽሑፉን ርዝመት፣ መቼ እንደምትጨርሺ፣ ሲቪሽንና አንድ ወይም ሁለት የናሙና ምዕራፍ ይጠይቃሉ። ሰው የሚወድቀው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው «ተመሳሳይ መጻሕፍት» የሚለው ክፍል ነው። «እንደዚህ ያለ መጽሐፍ ከዚህ በፊት አልተጻፈም» ብለው የሚጽፉ ብዙ ናቸው። አርታኢው ይህን ሲያይ ወይ ጸሐፊዋ አላነበበችም፣ ወይ ገበያ የለውም ብሎ ይደመድማል። ይልቅ በቅርብ ዓመታት የወጡ ሦስት አራት መጻሕፍት ጥቀሺና ያንቺ ከእነሱ ጋር ምን እንደሚነጋገር ጻፊ። ሳትንቂያቸው፤ ከእነሱ የአንዱ ጸሐፊ ገምጋሚሽ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው «ማን ያነበዋል» የሚለው ነው። «ተመራማሪዎች፣ ፖሊሲ አውጪዎችና ሰፊው ሕዝብ» አትበዪ። የትኛው የትምህርት ዓይነት ላይ፣ በስንተኛ ዓመት ተማሪ ሊነበብ እንደሚችል በዪ። ርዝመቱም ያስፈራል። ብዙ ማተሚያ ቤቶች በእንግሊዝኛ ከ80,000 እስከ 100,000 ቃል ያለ ረቂቅ ነው የሚመቻቸው። ማስታወሻው አብሮ ይቆጠር እንደሆነ ጠይቂ።

ፕሮፖዛሉን ለሦስት ማተሚያ ቤት በአንድ ጊዜ መላክ ብዙ ቦታ ነውር አይደለም፤ ለሁሉም ግን ንገሪያቸው። ሙሉ ረቂቁ ለግምገማ ሲሄድ ግን አንድ ቤት ብቻ ይሁን፤ ሌላ ስምምነት ከሌለሽ በስተቀር። ገምጋሚዎች አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ናቸው። ወራት ይፈጃሉ። ሪፖርታቸው ሲመጣ አንዱ ያመሰግንሻል፣ ሌላው ያስለቅስሻል። በዚያ ቀን መልስ አትጻፊ። ከዚያ አስተያየቱን እንዴት እንደምታስተናግጂ ለአርታኢው በደብዳቤ ታስረጃለሽ። የማትቀበዪውን ምክንያቱን ጠቅሰሽ አልቀበልም ማለት ትችያለሽ። በዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ከሆነ ውሳኔው በመጨረሻ የምሁራን ቦርድ ላይ ይቀርባል። ከዚያም በኋላ እርማት፣ የተቀናበሩትን ገጾች ለመጨረሻ ጊዜ ማየት፣ መጠቁም (መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ስሞችንና ቃላትን ከነገጻቸው የሚዘረዝረውን ክፍል) ማዘጋጀት አለ። መጠቁሙን ብዙ ጊዜ የሚሠራው ወይም ከፍሎ የሚያሠራው ጸሐፊው ስለሆነ አስቀድመሽ አስቢበት። ከፕሮፖዛል እስከ መደርደሪያ ሁለትና ሦስት ዓመት መውሰዱ የተለመደ ነው።

ገንዘብን በተመለከተ አጭር ነኝ። የምሁራን መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የሚታተመው በጥቂት መቶዎች ነው፤ ዋና ገዢው ቤተ መጻሕፍት ነው። ከሮያሊቲ፣ ማለትም ከሽያጩ ለጸሐፊው ከሚደርሰው ድርሻ፣ የሚኖር ሰው ብዙ የለም። ይልቅ ማሰብ ያለብሽ ክፍት ተደራሽነትን ነው፤ መጽሐፉ በኢንተርኔት ለማንም በነፃ እንዲነበብ ማድረግን ማለቴ ነው። ነጋዴዎቹ ባሉበት አገር ያለ ተማሪ ውዱን መጽሐፍ መግዛት ካልቻለ ለማን ጻፍሽው? ችግሩ፣ ትልልቅ አሳታሚዎች ለዚህ በብዙ ሺህ ዶላር ወይም ፓውንድ ያስከፍላሉ። ይህን ከኪስሽ እንዳትከፍዪ። የምርምር ገንዘብ የሰጠሽ ድርጅት ወይም ዩኒቨርሲቲው ይሸፍን እንደሆነ ጠይቂ። ጸሐፊን ሳያስከፍሉ ክፍት መጽሐፍ የሚያወጡም አሉ። እንግሊዝ አገር ያለው ኦፕን ቡክ ፐብሊሸርስ አንዱ ነው። አሜሪካ ያለው ኤምአይቲ ፕሬስ በ2021 እ.ኤ.አ. ባስተዋወቀው አሠራር ደግሞ ወጪውን የሚጋሩት ቤተ መጻሕፍት ናቸው። ክፍት መጻሕፍት የሚያወጣ አሳታሚ ትክክለኛ መሆኑን ለማየት የክፍት መጻሕፍት ማውጫ የሆነውን ዲኦኤቢ ተመልከቺ። እዚያ የሚገቡት ምሁራዊ ግምገማ ያለፉ መጻሕፍት ናቸው። እና ይህን ያዢ፤ ረቂቅሽ በግምገማ አልፎ ተቀባይነት ሳያገኝ ስለ ክፍያ የሚያወራሽ ካለ ተጠራጠሪ።

ውል ሲመጣ ሳታነቢ አትፈርሚ። በተለይ መጽሐፉ ከገበያ ሲወጣ መብቱ ወደ አንቺ ይመለሳል ወይ የሚለውን፣ በሌላ ቋንቋ የመተርጎም መብቱ የማን እንደሆነና ቀጣዩን መጽሐፍሽን ለእነሱ ብቻ እንድታቀርቢ ያስገድድሽ እንደሆነ እዪ። የመጨረሻው ካለ እንዲወጣልሽ ጠይቂ፤ ሲጠየቁ የሚያወጡ አሉ።

የቀረው ማመልከቻሽ ነው። ሁለት ወር መጽሐፍ አያደርስም፤ ሲቪሽ ግን ባዶ አይሆንም። «በዝግጅት ላይ ያለ የመጽሐፍ ረቂቅ» ብለሽ ጊዜያዊ ርዕሱን አስቀምጪ። «ለኅትመት የተዘጋጀ» ወይም «በቅርቡ የሚወጣ» አትበዪ፤ እነዚህ ቃላት ውል ላለው መጽሐፍ ናቸው፤ ኮሚቴው ይጠይቅሻል። የማመልከቻ ደብዳቤሽ ላይ ደግሞ አንድ አንቀጽ ለመጽሐፉ ስጪ። ያቺን «መጽሐፌ የሚከራከረው» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር እዚያ አስገቢያት፤ ከጥናቱ ምን እንደሚወጣ፣ ምን እንደሚጨመር፣ ፕሮፖዛሉን መቼ ለመላክ እንዳሰብሽ ጻፊ። ዕቅድ ያላትን ሰው ኮሚቴ ያውቃታል። ለጆርናል የላክሽው ጽሑፍ ካለም «በግምገማ ላይ» ብለሽ አስገቢ።

ለኢሜይሉ መልስ መስጠት የለብሽም። ዝም ካልሽ ተደጋግሞ ሊመጣ ስለሚችል አድራሻውን ዝጊው። ለአማካሪሽ ግን ጻፊላቸው። ያቺን አንድ ዓረፍተ ነገር አሳዪያቸውና ክርክሩ ይይዝ እንደሆነ፣ ከሚያውቋቸው አርታኢዎች ለማን ቢያስተዋውቁሽ እንደሚሻል ጠይቂያቸው።